የታኅሣሥ ልጆችና የቅርጫት ኳስ መዝገብ

ግሪክ ውስጥ ሄራክልዮን በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ19 ዓመት በታች የዓለም ቅርጫት ኳስ ዋንጫ ተካሂዶ ነበር። በዕድሜ በኩል ደንቡ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ተጫዋቹ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ወዲህ የተወለደ ይሁን። ያ ቀን በእኛ ዘመን አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው። አሁን ወደ ፎገራ ወረዳ እንምጣ። በዚያው ታኅሣሥ በወረዳው ከተማ ወረታ ውስጥ ሁለት ጎረቤታሞች ወለዱ እንበል፤ አንዷ ለገብርኤል፣ ሌላዋ ለገና። ዓመቱ ዘመነ ዮሐንስ ስለነበረ ገና የዋለው በ28 ነው፤ ልጆቹን የሚለያያቸው ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው ማለት ነው። እናቶቹ በአንድ ሰሞን አራስ ነበሩ፤ ልጆቹም አብረው ከብት ያገዱ፣ አብረው ትምህርት ቤት የገቡ እኩዮች ናቸው። በዓለም አቀፉ የወጣቶች መዝገብ ግን የገብርኤሉ ልጅ የ1999፣ የገናው ልጅ የ2000 ተወላጅ ይሆናሉ። አንደኛው ከውድድሩ ውጭ ነው፤ ሁለተኛው መሰለፍ ይችላል።

የወጣቶች ቅርጫት ኳስ ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚያስበው ነጥብን፣ ሪባውንድንና አሲስትን ነው። ከሁሉም የሚቀድመው ቁጥር ግን የትውልድ ዓመት ነው። እሱ ከተናጋ በላዩ የተደረደረው አኃዝ ሁሉ ይናጋል፤ የ16 ዓመት ልጅ በአንድ ጨዋታ 20 ነጥብ አስቆጠረ ሲባል ነገሩ ክብደት የሚኖረው ልጁ በእርግጥ 16 ዓመቱ ሲሆን ነው።

ጄምስ ኔይስሚዝ በታኅሣሥ 1884 ዓ.ም. አሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ውስጥ ጨዋታውን ሲፈጥር የመጀመሪያው ግጥሚያ ያለቀው 1 ለ 0 ነበር። እንዲህ ያለውን ውጤት በቃል መያዝ ይቻላል። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፊባ እ.ኤ.አ. በ1932 ጄኔቭ ላይ ተመሠረተ። የወጣቶቹ የዓለም ሻምፒዮና የመጣው ብዙ ዘግይቶ ነው፤ የወንዶቹ እ.ኤ.አ. በ1979 ብራዚል ሳልቫዶር ላይ፣ የሴቶቹ በ1985 አሜሪካ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ላይ ተጀመረ። ከ17 ዓመት በታች የሆኑት ደግሞ እስከ እ.ኤ.አ. 2010 መጠበቅ ነበረባቸው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እስከዛሬ ከሚወሱት ቁጥሮች አንዱ የቶኒ ኩኮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ጣሊያን ቦርሚዮ ላይ የዩጎዝላቪያው ወጣት በአሜሪካ ቡድን ላይ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ 12 ጊዜ ወርውሮ 11ዱን አገባ። ይህ ሊወሳ የቻለው ከሜዳው ጎን በተዘረጋው ጠረጴዛ ላይ እያንዳንዷን ውርወራ የሚመዘግብ ሰው ስለነበረ ነው።

የውጤት መዝጋቢው ሥራ ሊታይ የሚገባው ሥራ ነው። ፊባ በሚያሳትመው ቅጽ ላይ ከ1 ጀምሮ ቁጥሮች በዓምድ ተደርድረዋል። ኳስ ቅርጫት በገባ ቁጥር መዝጋቢው ቡድኑ በደረሰበት ቁጥር ላይ ሰያፍ መስመር ያሰምራል፤ አጠገቡም የአስቆጣሪውን መለያ ቁጥር ይጽፋል። ግቡ የሦስት ነጥብ ከሆነ መለያ ቁጥሩን ያከብበዋል። የቅጣት ውርወራ ከሆነ ደግሞ መስመሩን ትቶ በቁጥሩ ላይ ድፍን ክብ ነጥብ ያኖራል። አንደኛውና ሦስተኛው ሩብ በቀይ፣ ሁለተኛውና አራተኛው በሰማያዊ ወይም በጥቁር እስክሪብቶ ይሞላል። በዓመቱ ወረቀቱን የሚያነሳ ሰው የትኛው ልጅ በየትኛው ሩብ እንደደከመ፣ ማን በስንተኛው ሩብ አምስተኛ ፋውሉን ሠርቶ እንደወጣ ያነበዋል።

ኢትዮጵያ ለዚህ ጨዋታ እንግዳ አይደለችም። የፊባ አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው፤ ይህም በአፍሪካ ከቀዳሚዎቹ ተርታ ያሰልፋታል። ኔይስሚዝ ያስተማረበትን ትምህርት ቤት ያቋቋመው ያው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር (ወወክማ) አዲስ አበባም ላይ ጨዋታውን ለከተማ ወጣቶች አስተዋውቋል። እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያው የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ካይሮ ላይ ሲካሄድ ኢትዮጵያ ተሳትፋለች። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ የእግር ኳስ ብሔራዊ ቡድናችን ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ አነሳ። የእግር ኳሱን ውጤት አባት ለልጅ ሲያወርሰው ኖሯል፤ የካይሮውን ጉዞ የሚያነሳው ግን ጥቂት ሰው ነው። የሚያሳዝን ነው፤ እነዚያም አገር ወክለው የሄዱ ልጆች ነበሩ።

ወደ ፎገራ እንመለስ፤ በዚያ ዕድሜ የሚያዝበት መንገድ የራሱ ሥርዓት አለው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ትነሳለች፤ የክርስትና አባት ወይም እናት ይቆማል፣ የክርስትና ስም ይወጣል። ልጁ የተወለደበት ቀን የማን በዓል እንደሆነ እናት አትረሳም፤ ለማርያም ማግስት፣ ለሚካኤል ዋዜማ ብላ ትናገራለች። ዓመቱ ሲሆን ግን ነገሩ ከአካባቢው ታሪክ ጋር ይያያዛል። የ77ቱ ድርቅ አንድ ምልክት ነው፤ ደርግ የወደቀበት 1983 ሌላ። በደርግ ዘመን በጅግናና በሻጋ የአምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተሞከረው ሩዝ ሜዳውን እየሸፈነ የሄደበት ጊዜም ለብዙ ቤተሰብ መቁጠሪያ ነው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ያጥለቀለቁበት ክረምት ደግሞ ለዛሬዎቹ ወጣቶች ቅርብ ነው። ሌላው ሁሉ በንጽጽር ይገኛል፤ ከእገሌ ልጅ በአንድ ክረምት ይበልጣል፣ ከታላቁ በሁለት ዓመት ያንሳል።

ይህ አያያዝ ቀኑን አጥብቆ ዓመቱን ያላላል። የዓለም አቀፍ ውድድር ደንብ የሚፈልገው ደግሞ ዓመቱን ነው።

ችግሩ የገበሬው አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት መዝገብ በዝርዝር ቢደነግግም፣ ድንጋጌዎቹ በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ እስኪወጣ እንዲቆዩ ተደረገ፤ ቆይታውም ከግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሰሞን የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል።

በዚህ ላይ የሁለቱ አቆጣጠሮች ልዩነት ይጨመራል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ለተወለደ ሰው የሚደመረው 7 ነው፤ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8። ቅጽ የሚሞላ ጸሐፊ ቸኩሎ ለሁሉም 8 ከደመረ የጥቅምቱ ልጅ በአንድ ዓመት ያንሳል፤ ለሁሉም 7 ከደመረ የግንቦቱ ልጅ በአንድ ዓመት ይበልጣል። ስህተቱ የጸሐፊው ሆኖ ሳለ በአየር ማረፊያና በውድድር ስፍራ በጥርጣሬ የሚታየው ልጁ ነው። ዕድሜ ሆን ብሎ መቀነስ የለም ለማለት አይደለም፤ በብዙ አገር አለ። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2009 ናይጄሪያ ላይ ከ17 ዓመት በታች የሆኑ ተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ መመርመር የጀመረውም ለዚህ ነው። ነገር ግን አጭበርባሪውንና መዝገብ ያልደረሰለትን ልጅ አንድ አድርጎ ማየት ግፍ ነው።

መዝገቡ የተስተካከለ ልጅ የት ሊደርስ እንደሚችል ማሊ አሳይታለች። ሄራክልዮን ላይ የማሊ ወጣቶች ፈረንሳይን በግማሽ ፍጻሜ አሸንፈው በዚህ ውድድር ለፍጻሜ የደረሱ የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን ሆኑ። በፍጻሜው በአሜሪካ 93 ለ 79 ተሸነፉ፤ ያስቆጠሩት እያንዳንዱ ነጥብ ከነአስቆጣሪው ዛሬም ተጽፎ ይገኛል።

ምዝገባው በተጀመረበት ክረምት ወረታና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የተወለዱት ልጆች ከ16 ዓመት በታች ለሚደረግ ውድድር የሚደርሱት እ.ኤ.አ. በ2030ዎቹ መጀመሪያ ነው። አዋጁ ልደትን ለማስመዝገብ የሰጠው ጊዜ 90 ቀን ነው። የወንዱም የሴቷም ክርስትና በዚያ ውስጥ ይወድቃል። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰ ቤተሰብ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ለመድረስ ለወንዱ 50፣ ለሴቷ 10 ቀን ይቀረዋል።