ሥጋ የሌለበት ሳህን፣ ዓሣ ያለበት መረቅ፦ ስለ ጃፓን ኑድል ታሪክ



ከዓመታት በፊት በዐቢይ ጾም ወቅት ኪዮቶ ነበርሁ። ከአንዲት አነስተኛ ምግብ ቤት ገብቼ ኪትሱኔ ኡዶን አዘዝሁ፤ ይህም በመረቅ የቀረበ ወፍራም የስንዴ ኑድል ሆኖ ከላዩ ከአኩሪ አተር የተሠራ የተጠበሰ ቶፉ ያረፈበት ነው። «ሥጋ አለው?» ብዬ ጠየቅሁ። አስተናጋጇ «የለውም» አለችኝ። መረቁ ከደረቀ ዓሣ የወጣ መሆኑን የተረዳሁት ከበላሁ በኋላ ነበር። አስተናጋጇ አልዋሸችም፤ ስሕተቱ ያለው ከጥያቄዬ ላይ ነው። የዛሬው ገለጻዬ ይህ ስሕተት ከየት እንደ መጣ ይመረምራል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ንጉሠ ነገሥት ቴንሙ በ675 ባወጡት ዐዋጅ ከዓመቱ አራተኛ ወር እስከ ዘጠነኛው ወር የከብት፣ የፈረስ፣ የውሻ፣ የዝንጀሮና የዶሮ ሥጋ እንዳይበላ ከለከሉ። የቡድሃ እምነት ነፍስ ማጥፋትን መንቀፉ አንዱ ምክንያት ነበር፤ ወራቱ ከሩዝ እርሻ ወቅት ጋር መግጠማቸው ደግሞ የእርሻ ከብቶችን የመጠበቅ ሐሳብም እንደ ነበረበት ያመለክታል። ዐዋጁ ዓሣን አልነካም። ተመሳሳይ ክልከላዎች በየዘመኑ ተደጋገሙ፤ የሜጂ ንጉሠ ነገሥት የከብት ሥጋ መብላታቸው በይፋ የተነገረው በ1872 ነው። በዚህ ረጅም ዘመን ውስጥ «ኒኩ»፣ ማለትም ሥጋ፣ የሚለው ቃል በሕዝቡ አነጋገር ዓሣን ሳይጨምር ኖረ። እኛም ብንሆን ሥጋ ቤት ገብተን ዓሣ አንጠይቅም፤ በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክርም ለእኛ እንግዳ አይደለም።

የገዳማቱ ወጥ ቤት ግን ሌላ መንገድ ያዘ። የዜን መምህሩ ዶገን በ1237 ለገዳም ምግብ አብሳይ መመሪያ ጽፈዋል። ሾጂን ሪዮሪ በተባለው የገዳም አበሳሰል ዳሺ፣ ማለትም የመረቁ መሠረት፣ ኮምቡ ከተባለው የባሕር አረምና ከደረቀ ሺታኬ እንጉዳይ ይወጣል። በከተማው ወጥ ቤት ግን ኮምቡ ብዙውን ጊዜ ከካትሱኦቡሺ ጋር ይጣመራል፤ ይህም ተቀቅሎ፣ በጢስ ደርቆና ተፍቆ የሚገባ ዓሣ ነው። ኬሚስቱ ኢኬዳ ኪኩናኤ ኡማሚ ብለው የሰየሙትን ጣዕም በ1908 ያገኙት ግን ከኮምቡ ነው፤ ስለዚህ ጣዕሙ ያለ ዓሣም ይገኛል።

ራመን ታሪኩ ሌላ ነው። ከቻይና አበሳሰል የመጣ በመሆኑ መረቁ በአብዛኛው ከአሳማ ወይም ከዶሮ አጥንት ይወጣል። በ1910 በቶኪዮ አሳኩሳ የተከፈተው ራይራይኬን ከቻይና የመጡ አብሳዮችን ቀጥሮ ምግቡን በሕዝብ ዘንድ አስለመደ። ስለዚህ ከራመን ላይ የሥጋውን ቁራጭ ማንሣት ብቻ አይበቃም።

ቀዝቃዛው ዛሩ ሶባ እንኳ ከላዩ ሥጋም ዓሣም ሳይኖርበት፣ ኑድሉ የሚጠቀስበት ሶስ ብዙውን ጊዜ ካትሱኦቡሺ አለበት። እንግዲህ ወደ ጃፓን የምትሄዱ ተማሪዎች «ሥጋ አለው?» ብላችሁ አታቁሙ፤ «ዳሺው ከምን ወጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ከኮምቡና ከሺታኬ» ከሆነ፣ ከላዩ የተጨመረውንና ኑድሉ እንቁላል እንደሌለበት አረጋግጣችሁ ተመገቡ። እኔ ይህን የተማርሁት ጾሜን ከፈታሁ በኋላ ነው።