ከግብር ማር እስከ ቤት ጠጅ



የንግግሬ መነሻ አንድ ቃል ነው፤ «ግብር»። ባላገሩ ለመንግሥት የሚያስገባው ግብር ይባላል፤ ንጉሡ ወይም መኳንንቱ አዳራሽ ከፍተው የሚያበሉትና የሚያጠጡትም ግብር ይባላል። ማር በፊተኛው ግብር ወደ ላይ ይወጣል፤ በኋለኛው ጠጅ ሆኖ ይወርዳል። በመካከል ማን እንደ ጣለው ግን ሰነዶቻችን እምብዛም አይነግሩንም።

የግእዝ መጻሕፍት መጠጡን «ሜስ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ግቢ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ማር ወይን ጽፏል። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀልም በ«ዝክረ ነገር» የቤተ መንግሥቱን የሥራ ክፍሎችና የግብሩን ዐይነት ዘርዝረዋል። ተጓዡ የጠጣውን፣ ጸሐፊው የገባውን መዘገቡ።

ጠጅ ለተራው ሰው ክልክል ነበር ሲባል እንሰማለን። በእኔ አስተያየት ከክልከላው ይልቅ የሚያስረዳን የማሩ ጉዞ ነው። ቀፎ የሰቀለው ባላገር ማሩን በጉንዶ ለግብር ካስገባ በኋላ ለራሱ የሚተርፈው ጥቂት ነበርና ለበዓሉ የሚጠምቀው ጠላ ነው። ጠጅ በቤቱ የሚጥል ሰው ማር የተረፈው ሰው ነበር።

ቋንቋችንም ይለያቸዋል፤ ጠላ ይጠመቃል፣ አረቄ ይወጣል፣ ጠጅ ይጣላል። አጣጣሉን ላስታውሳችሁ። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ያህል ውሃ ይበረዛል። ይህ ብርዝ ነው፤ ገና ሳይፈላ ሕፃናትና አልኮል የማይጠጡ እንግዶችም ይጠጡታል። አፉ በጨርቅ ታስሮ ጥቂት ቀን ሲቆይ ሰፈፉ ይንሳፈፋል፤ ይገፈፋል። ከዚያም የተከተፈ የጌሾ እንጨት ከብርዙ በተቀነሰ መጠን ይቀቀልና ወደ ጋኑ ይመለሳል። እየተማሰለ ይሰነብታል፤ በስተመጨረሻ ጌሾው ወጥቶ ይጠላል። ልብ በሉ፤ ከውጭ የሚጨመር እርሾ የለም። ማሩ፣ ጌሾውና የጋኑ ሸክላ ራሳቸው ይዘውታል። መቼ እንደሚማሰል፣ መቼ ጌሾው እንደሚወጣ የምትወስነው ሴቲቱ ናት፤ መለኪያዋም ሽታው፣ አረፋውና የምላሷ ጫፍ ነው። ይህን የመሰለ ዕውቀት በግብር መዝገብ ውስጥ የሚገባበት ዐምድ አልነበረውም።

የማሩ ጉዞ የተለወጠው ግብር ወደ ገንዘብ ሲዞር ነው። በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. የወጡት የመሬት ግብር ዐዋጆች የጋሻ መሬትን ግብር በብር ተመኑት። በተግባር ለውጡ በየአገሩ እኩል አልሄደም፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። በዐይነት ይገባ የነበረው ማር ገበያ ወጣ፤ ገንዘብ ያላት የከተማ እመቤትም ለሠርግና ለክርስትና ከገበያ ገዝታ ጣለች። ጠጅ ቤቶች ከዚያ በፊትም በአዲስ አበባ ነበሩ፤ ብዙዎቹን ያቆሟቸውም ሴቶች ናቸው።

በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ስኳር ከማር ሲረክስ በጋኑ ውስጥ ቦታ አገኘ፤ ቢጫ ቀለምም ተከተለው። ይህን ማጭበርበር ብቻ አድርጎ ማየት አይበቃም፤ በጠጅ ሽያጭ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት የማር ዋጋ ያስገደዳት ስሌት ነው። (ለጠጪው ግን ማር ነው ተብሎ መሸጡ ሌላ ጉዳይ ነው!)

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የፕላስቲክ በርሜሉ ነው። ቀላል ነው፣ አይሰበርም፤ ነገር ግን አይታጠንም፣ እንደ ሸክላው የቀደመውን ፍሌት በቀዳዳዎቹ አያቆይም። ጋኑ ከቤት ሲወጣ ስለ ጋኑ የሚያውቁት ሴቶችም የሚጠየቁበት ምክንያት ይጠፋል። ስለዚህ ለመመረቂያ ጽሑፍ መስክ የምትወጡ ተማሪዎች የምግብ አሠራሩን ብቻ ጽፋችሁ አትመለሱ። ጋኑ ከማን እንደ ተወረሰ፣ ማሩ ከየት ይመጣ እንደ ነበር፣ በማን ቤት ግብር እንደ ጣሉ ጠይቁ፤ የጣዮቹንም ስም፣ ከፈቀዱ፣ ጻፉ።