የጾም ወራትና የሕፃናት መቀንጨር በላስታ ደጋ

መቀንጨር በተራዘመ የምግብ እጥረትና በተደጋጋሚ ሕመም ሳቢያ የሕፃኑ ቁመት ለዕድሜው ከሚጠበቀው በታች ሲሆን የሚከሰት ጉዳት ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 46 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል፤ የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነበር።

ገብስና ባቄላ በሚበቅልበት የላስታ ደጋ ምክንያቱ የምርት ማነስ ብቻ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን አይጾምም። ይሁንና ቤተሰቡ ሲጾም የማብሰያው ዕቃ እንዳይነካካ በሚል ስጋት እንቁላልና ወተት ከሕፃኑም ይቀራል። ስለዚህ ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን የራሱን ድስትና ማንኪያ መለየት፣ በገብስ ገንፎው ላይም እንቁላል ወይም ወተት መጨመር ይመከራል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ስለ ጾሙ ከንስሐ አባቷ ጋር፣ ስለ አመጋገቧ ደግሞ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር መመካከር ትችላለች።