የጎጃም አልጋ ለማን ነበር የሚገባው?

የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ስም በተነሳ ቁጥር ክርክሩ «ባንዳ ናቸው፣ አይደሉም» ላይ ይቆማል። ከዚያ የሚቀድመው ጥያቄ ግን ይረሳል፦ የጎጃም አልጋ ከአባት ወደ ልጅ የሚያልፈው በምን ሕግ ነበር?

ሕግ አልነበረም። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ጀርመን ውስጥ የብራውንሽቫይጉ መስፍን ሃይንሪሽ ወንድሙን ቪልሄልምን 12 ዓመት አስሮ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1535 ግዛቱ ሳይከፋፈል ለበኩር ልጅ ብቻ እንዲወርድ አስፈረመው። ጭካኔ ነው። ቢሆንም ከዚያ ወዲያ ወራሹ ማን እንደሆነ ይታወቃል። ጎጃም ላይ ግን ዘር ለፉክክር ያበቃል እንጂ አያሾምም። ዘሩም ቢሆን በወንድ ብቻ አልወረደም። የትልቁ ራስ ኃይሉ እናት ወለተ እስራኤል የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ነበሩ፤ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴም የኃይሉ የልጅ ልጅ የሆኑት በእናታቸው በኩል ነው። ጎሹ በ1845 ጉር አምባ ላይ ከካሣ፣ ከኋላው ቴዎድሮስ ጋር ሲዋጉ ወደቁ።

የጎሹን የልጅ ልጅ አዳል ተሰማን በ1873 ዐፄ ዮሐንስ ተክለ ሃይማኖት አሰኝተው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አደረጓቸው። በዓመቱ እምባቦ ላይ በምኒልክ ተማረኩ። ዘውድ የሰጠው ሌላ፣ የማረካቸው ሌላ። የአልጋው ቁልፍ ያኔም ደብረ ማርቆስ አልነበረም።

ንጉሡ በ1893 ሲያርፉ ምኒልክ ግዛቱን ከፋፈሉት። ዛሬ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ያሉበት ዳሞት፣ ከአገው ምድር ጋር፣ የንጉሡ ልጅ ላልሆኑት ለራስ መንገሻ አቲከም ተሰጠ። ልጃቸው ራስ በዛብህ ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። በመጨረሻ ጎጃምን የያዙት ከሕግ ጋብቻ ውጪ የተወለዱት ኃይሉ ናቸው። በግብርና በንግድ ሀብት በማካበት ስማቸው የወጣውም ያለ ምክንያት አይመስልም፤ ሹመቱ ነገ ሊነሳ የሚችል ሰው ዛሬ ይሰበስባል። ከፋዩ ገበሬው ነው።

በ1924 አማቻቸው የነበሩት ልጅ ኢያሱ ከፍቼ ሲያመልጡ ኃይሉ ረድተዋል ተብለው ተሻሩ፣ ታሰሩ። በቦታቸው ራስ እምሩ ከአዲስ አበባ ተላኩ። ጣሊያን ሲገባ ኃይሉ ለጣሊያን አደሩ፤ ቂማቸውን ያየ ሰው አይገርመውም፣ ይቅር ባይልም።

ዋናው ነገር ግን ቤቱ ለሁለት መሰንጠቁ ነው። የራስ በዛብህ ልጅ፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጅ ደጃዝማች ነጋሽ፣ አጎታቸው ከጣሊያን ጋር ሳሉ በዳሞት በኩል አርበኛ ነበሩ። መስከረም 1933 ከደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ ጋር ጠባቸውን ትተው ለመተባበር ተስማሙ። የካቲት ላይ ጣሊያን ቡሬን ለቀቀ። መጋቢት መጨረሻ ላይ ጣሊያኖች ደብረ ማርቆስን ለኃይሉ ትተው ሄዱ፤ የአባታቸው ከተማ ለጥቂት ቀናት እጃቸው ገባች። ኃይሉም እዚያው ጃንሆይን ተቀብለው አስረከቡ።

ከዚያ በኋላ ኃይሉ እስከ ሞታቸው አዲስ አበባ ውስጥ በጥበቃ ሥር ኖሩ። አርበኛው ነጋሽም ቢትወደድ ተብለው በትልቅ ሹመት ቆይተው፣ በ1943 በጃንሆይ ላይ አሲረዋል ተብለው ታሰሩ።