ታሪኩ የማን ነው? ኢትዮጵያውያን በድርጊት ፊልሞች ውስጥ ያላቸው ውክልና

ልብ አንጠልጣይ የድርጊት ፊልም በአንድ ጥያቄ ላይ የቆመ ነው፤ አደጋ ሲመጣ የሚወስነውና የሚያድነው ማን ነው? በፊልም «ውክልና» የሚባለውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ሕዝብ ተወከለ የሚባለው ፊቱ በመታየቱ ብቻ ሳይሆን ሲያስብ፣ ሲወስንና በራሱ አንደበት ሲናገር በመታየቱ ነው።

የቀይ ባሕሩ ፊልም

ለዚህ ጥሩ አብነት የሚሆነው በሐምሌ 24 ቀን 2011 ዓ.ም በኔትፍሊክስ የቀረበው «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» ነው። ፊልሙን ጽፎ ያዘጋጀው እስራኤላዊው ጊዲዮን ራፍ ሲሆን፣ ቀረጻው የተካሄደው በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ ነው። መነሻው እውነተኛ ታሪክ ነው። የእስራኤል የስለላ ድርጅት ሞሳድ በ1970ዎቹ አጋማሽ በሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ አሩስ በተባለ ስፍራ፣ የመዝናኛ መንደር ከፍቶ ነበር። መንደሩ ሽፋን ነበር፤ ዓላማው ቤተ እስራኤላውያንን በመርከብና በአውሮፕላን ማውጣት ነበር።

በፊልሙ መሪ ገጸ ባሕርይ ሆኖ የቀረበው አሪ ሌቪንሰን የተባለ የሞሳድ ሰላይ ሲሆን፣ የተጫወተውም አሜሪካዊው ክሪስ ኢቫንስ ነው። ከኢትዮጵያውያኑ ገጸ ባሕርያት ጎልቶ የሚታየው ከበደ ነው፤ እሱንም የተጫወተው ሌላው አሜሪካዊ ማይክል ኬ. ዊሊያምስ ነው። ብዙ የፊልም ሐያስያን ይህንን «የነጭ አዳኝ» ተረክ ሲሉ ነቅፈውታል። ኢትዮጵያውያኑ በገዛ ታሪካቸው ውስጥ ተጠባባቂዎች ሆነው ቀርተዋል የሚል ነው ነቀፌታው።

ፊልሙ ያሳነሰው

ከበደ የተቀረጸው በአቶ ፈረደ አክሉም ሕይወት መነሻነት ነው። አቶ ፈረደ መምህር ነበሩ። ወደ ሱዳን ተሰደው የእርዳታ ጥሪ የላኩት፣ መንገዱም እንዲከፈት ምክንያት የሆኑት እሳቸው ናቸው። ያረፉት እ.አ.አ በ2009 ነው። ከጎንደር፣ ከስሜንና ከትግራይ የተነሱት ቤተሰቦችም ሕፃናትና አረጋውያን ይዘው ለሳምንታት በእግራቸው ተጉዘዋል። በጉዞውና በሱዳን የስደተኞች መጠለያዎች የሞቱት 4 ሺህ ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም በተካሄደው «የሙሴ ዘመቻ» 8 ሺህ ገደማ ሰዎች በአየር ተወስደዋል። ትልቁን ድርጊት የፈጸሙት እነዚህ እግረኞች ናቸው።

ታሪኩ ለዋግ ሕዝብ ሩቅ አይደለም። ስሜን ከሰሃላ በስተምዕራብ የሚገኝ ጎረቤት ነው። በቤተ እስራኤል ጸሎት ውስጥም ከግእዙ ጎን የአገው ቋንቋ ቃላት ይገኛሉ፤ ኽምጣናም የዚሁ የአገው ቋንቋዎች ቤተሰብ አባል ነው።

በአገር ልጅ እጅ ሲሠራ

ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀው «ድፍረት» በ2006 ዓ.ም በአሜሪካው የሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። በአማርኛ የተሠራው ይህ ፊልም ለጋብቻ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን በጠመንጃ ገድላ ስትከሰስ ያሳያል። እዚህ ራሷን የምታድነው ልጅቱ ናት፤ የምትሟገትላትም ኢትዮጵያዊት ጠበቃ ናት።

ሆኖም የአገር ልጅ መሆን ብቻውን ጥያቄውን አይዘጋውም። በዚያው ዓመት መገባደጃ ፊልሙ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል፣ ከባለታሪኳ ፈቃድ ጋር በተያያዘ ክስ በፍርድ ቤት ታግዶ ነበር፤ እግዱ የተነሳው በኋላ ነው። የውክልና ጉዳይ የቆዳ ቀለም ብቻ ሳይሆን የባለታሪኩ መብትም መሆኑን ይህ ያስረዳል።

ተመልካች ምን ይመዝን?

ፊልም ሲታይ አራት ነገሮችን መመርመር ይጠቅማል፦

• ውሳኔው የማን ነው? ታዳጊ ተብሎ የቀረበው ሰው የራሱ ሐሳብና ስም አለው?
• በየትኛው ቋንቋ ይናገራል?
• ታሪኩን የጻፈውና ገንዘቡን የያዘው ማን ነው?
• ባለታሪኩ ተጠይቆ ፈቅዷል?

በስልክና በሳተላይት የሚመጣው ፊልም ለልጆች ጀግና ምን እንደሚመስል ያስተምራል። ጀግናው ሁልጊዜ ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ፣ ተራራውን በሌሊት ያቋረጠችው እናት ከታሪኩ ትወጣለች። በዋግ ኽምራ የሽማግሌዎችን ትውስታ በኽምጣናና በአማርኛ በድምፅ መቅረጽም፣ ነገ ለሚሠራው ፊልም የመጀመሪያው ሥራ ነው።