የደብረ ምጥማቅ ለቅሶ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ አምቦ የሚጓዝ ሰው ሆለታን እንዳለፈ አዲስ ዓለምን ያገኛል። አፄ ምኒልክ በአዲስ አበባ ማገዶ ቢቸግራቸው መናገሻቸውን ወደዚያ ሊያዛውሩ አስበው የቤተ መንግሥት ሥራ አስጀምረው ነበር። ባሕር ዛፍ ደረሰና ሐሳቡ ቀረ፤ ስፍራው ለማርያም ተሰጠ። ስሙም ደብረ ጽዮን ተባለ። በየዓመቱ ኅዳር 21 ቀን ሕዝብ የሚጎርፍበት ይህ ደብር የአክሱምን ስም ሸዋ ላይ የተከለ ነው።

የሩቁን ደብር ስም አምጥቶ ከደጅ መትከል በአገራችን ነገሥታት ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። ከአዲስ ዓለም 450 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በተጉለት የተሠራ አንድ ቤተ ክርስቲያንም ስሙን ከሩቅ ያመጣ ነበር። ያ ስም ግን የመጣው ከኀዘን ጋር ነው።

በግብጽ በዓባይ ደለል ምድር ደብረ ምጥማቅ የሚባል ገዳም ነበር። እመቤታችን ተገለጠችበት ተብሎ ስለሚታመን ምእመናን ከየአቅጣጫው ይሳለሙት ነበር፤ ዛሬም በእኛ ቤተ ክርስቲያን ግንቦት 21 ቀን ይታሰባል። በ1430ዎቹ ማብቂያ (እ.ኤ.አ.) በማምሉኮች ዘመን ይህ ገዳም ፈረሰ። የእስክንድርያው ፓትርያርክ አቡነ ዮሐንስ ወሬውን በደብዳቤ ላኩ። ደብዳቤው አፄ ዘርዓ ያዕቆብን ተጉለት ላይ ደረሰባቸው። ዜና መዋዕላቸው እንደሚለው ንጉሡም ሠራዊቱም አለቀሱ። ከዚያም በዚያው ስፍራ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ደብረ ምጥማቅ አሉት።

ንጉሡ በለቅሶ ብቻ አላበቁም። በ1443 እ.ኤ.አ. መልእክተኞቻቸው ስጦታ ይዘው ካይሮ ገቡ። ለሱልጣን ጃቅማቅ የተጻፈው ደብዳቤ ግብጻውያን የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበው ስላቆዩት ይዘቱን እናውቃለን። ንጉሡ በመጀመሪያ የፈረሰው እንዲታነጽ ይጠይቃሉ። ቀጥለው በእርሳቸው ግዛት ያሉ እስላሞች በነፃነትና በክብር እንደሚኖሩ ያስታውሳሉ። በመጨረሻ የዓባይ ውኃ ከእጃቸው እንደሆነ፣ ሊያግዱትም እንደሚችሉ፣ ይህን ያላደረጉት እግዚአብሔርን በመፍራትና ለሰው ልጅ ስቃይ በማሰብ መሆኑን ይናገራሉ። ልመና፣ ውለታና ዛቻ በአንድ ወረቀት ላይ!

ይህ ዛቻ አዲስ አልነበረም። በ1321 እ.ኤ.አ. በካይሮና በሌሎችም ከተሞች አብያተ ክርስቲያናት በፈረሱ ጊዜ፣ አፄ ዓምደ ጽዮን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለሱልጣን አል-ናስር ሙሐመድ ተመሳሳይ ቃል ልከው ነበር። ሱልጣኑ ሳቀበት ይባላል። በእርግጥም በዚያ ዘመን ዓባይን ለመገደብ የሚያስችል ጥበብ በእጃችን አልነበረም። ይሁንና ወንዙን ማን ሊይዘው እንደሚችል በማያውቅ ሰው ልብ ውስጥ ፍርሃቱ ብቻውን ግድብ ነው።

ጃቅማቅ ግን አልደነገጠም። መልእክተኛ ከስጦታ ጋር ላከ፤ የገዳሙን ጥያቄ ግን አልተቀበለም። አፄ ዘርዓ ያዕቆብም ተቆጥተው መልእክተኛውን አግደው አቆዩት። በ1445 እ.ኤ.አ. የአዳልን ሱልጣን በድላይን ድል ሲነሡ ድሉን እንዲያይ አደረጉት። ይህ ሁሉ ካይሮ ሲሰማ በትሩ ያረፈው በማን ላይ ነው? በንጉሡ ላይ አይደለም። ጃቅማቅ ሽማግሌውን ፓትርያርክ አስይዞ አስደበደበ፤ መልእክተኛው እንዲለቀቅ ለኢትዮጵያ ንጉሥ እንዲጽፉም አስገደዳቸው። በ1448 እ.ኤ.አ. ደግሞ ያለ ሱልጣኑ ፈቃድ ወደ ኢትዮጵያ ምንም እንዳይጽፉ ቃል አስገባቸው። «ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» ይሏል ይኼ ነው። ሊታደጓቸው የተነሡት ሰዎች የቁጣው መክፈያ ሆኑ።

በእኛም በኩል ቢሆን ነገሩ ንጹሕ አልነበረም። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት አፄ ሰይፈ አርዕድ ፓትርያርኩ መታሰራቸውን ሲሰሙ የግብጽን ነጋዴዎች እንደቀጡ ይተረካል፤ ነጋዴው ለሱልጣኑ ሥራ ዋስ መሆኑ ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብም ለግብጽ ክርስቲያኖች ያለቀሱትን ያህል በገዛ አገራቸው ለነበሩት ለደቂቀ እስጢፋኖስ አላዘኑም። እነዚያ መነኮሳት ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ለንጉሡና ለሥርዓቱ አንሰግድም በማለታቸው ተገረፉ፣ ተሰደዱ፣ ተወገሩ። የሩቁን ግፍ የሚያይ ዓይን የቅርቡን ሲስት ታሪክ መዝግቦ ያስቀምጠዋል።

ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ነገሩ ተገልብጦ መጣ። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ሊቢያ ውስጥ ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲያርድና ሲረሽን የሚያሳይ ፊልም አሰራጨ። ሟቾቹ እንጀራ ፍለጋ የወጡ የድሃ ልጆች ነበሩ። የኢትዮጵያ መንግሥት መጀመሪያ ያደረገው ካይሮ ባለው ኤምባሲው በኩል ማጣራት ነበር። የሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን ታወጀ። ሚያዝያ 14 ቀን መስቀል አደባባይ ለተጠራው ሰልፍ የወጣው ሕዝብ ግን ቁጣውን ወደ መንግሥትም አዞረ፤ አስለቃሽ ጭስም ተተኮሰ።

ሳምንታት አለፉ። ግንቦት ከመጋመሱ በፊት ከሊቢያ የወጡ ኢትዮጵያውያን በአውሮፕላን ካይሮ ደረሱ። አውሮፕላን ማረፊያ ቆመው የተቀበሏቸው የግብጹ ፕሬዚዳንት አብዱልፈታሕ አልሲሲ ነበሩ። ስለ ዓባይ ግድብ የመርሆች ስምምነት ካርቱም ላይ ከተፈረመ ገና ሁለት ወር አልሞላም ነበር። በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ኢትዮጵያ ለካይሮ ክርስቲያኖች ጮኸች፤ በእኛ ዘመን ካይሮ ለኢትዮጵያ ክርስቲያኖች በር ከፈተች። በሁለቱም ጊዜ ዓባይ ከጀርባ ይፈስ ነበር።

መንግሥታት ለሩቅ ወገን ሲቆሙ ከእምነትም ከስሌትም ቀላቅለው ነው፤ ይህን ማወቅ ተስፋ ያስቆርጥ ይሆናል። ዳሩ ግን ከሊቢያ በሕይወት ለወጡት ልጆች በሩ ማን ለምን እንደከፈተው ያን ያህል አያሳስብም፤ መከፈቱ ይበቃል። እኛን ሊያሳስበን የሚገባው ሌላ ነው። ለደብረ ምጥማቅ የፈሰሰው እንባ ደርቆ ሳያልቅ፣ ልጆቻችን ወደዚያ በረሃ እንዳይሄዱ የሚያደርግ ምን ሠራን?