«ፓወር» እና «መብራት»፤ የአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አቻዎች ታሪክ

«ፓወር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ብዙውን ጊዜ «ኃይል» በሚል አንድ አቻ ይፈታል። ፍቺው ስሕተት ባይሆንም ጎዶሎ ነው። ለመንግሥት ሲነገር ሥልጣን፣ ለጠበቃ ሲሰጥ ውክልና፣ በሞተር ሲለካ የፈረስ ጉልበት ይሆናልና። በአንጻሩ «ኃይል» ከግእዝ ጀምሮ ብርታትንም ሠራዊትንም የሚያመለክት ስለሆነ፣ እንግሊዝኛው «ፎርስ» ለሚለው የሰጠውን ድርሻ ጭምር ይዟል፤ አየር ኃይልና ባሕር ኃይል የተባሉትም በዚሁ ፍቺ ነው።

የቃሉ ጉዞ ጎልቶ የሚታየው በኤሌክትሪክ ረገድ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው መሥሪያ ቤት «የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን» ተባለ። ስያሜው ሁለት አገልግሎቶችን፣ ይኸውም ቤት ማብራትንና መኪና ማንቀሳቀስን፣ ለይቶ የሚጠራ ነበር። ሕዝቡ ግን «ና»ን ጥሎ «መብራት ኃይል» የሚል አንድ ስም አወጣለት። መሥሪያ ቤቱ በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሲሆን «መብራት» ከስሙ ወጣ፤ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ሲከፈልም አልተመለሰም። በሕዝቡ አፍ ግን ዛሬም መብራት ኃይል ነው።

የሕዝቡ አነጋገር እንዲያው ልማድ ብቻ አይደለም። በኢሉባቦር፣ በሶር ወንዝ ላይ የተሠራው 5 ሜጋዋት የሚያመነጨው ጣቢያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር፣ ከዋናው የአገሪቱ መረብ ተነጥሎ የመቱን አካባቢ የሚያገለግል ነበር። በመቱ በጠራራ ፀሐይ ወፍጮ ሲቆም የሚባለው «መብራት ጠፋ» ነው፤ «ኃይል ተቋረጠ» የማስታወቂያ ቋንቋ ነው። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ አምፖል ባይኖርም አባባሉ አይለወጥም። አፋን ኦሮሞ ተናጋሪውም «ኢብሳን በዴ» ሲል መነሻው ብርሃን የሆነውን ስም ለኤሌክትሪኩ ይጠቀማል፤ ብርታትን «ሁምና»፣ ሥልጣንን «ኣንጎ» ብሎም ይለያል።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት «መብራት» በመዝገበ ቃላት ውስጥ «የኤሌክትሪክ አቅርቦት» የሚል ራሱን የቻለ ሁለተኛ ፍቺ ሊሰጠው ይገባል። የሳይንሱ ቃል ግን ይበልጥ ያስቸግራል። በፊዚክስ «ፓወር» በአንድ ሰከንድ የሚሠራ ሥራ መጠን ሲሆን «ፎርስ» ግፊት ወይም ስበት ነው፤ ሁለቱም «ኃይል» ከተባሉ ተማሪው ዋትንና ኒውተንን የሚለይበት ቃል ያጣል። «ፎርስ»ን «ጉልበት» ብለን እንለያቸው እንዳንል ደግሞ «የፈረስ ጉልበት» ለ«ፓወር» መለኪያነት ቀድሞ ተይዟል።